ጃንጥላ ተከትለን ዋልን

ሴቪልን አየን ብለን ተመለስን። ውሸት ነው፤ ያየነው አንዲት ቢጫ ጃንጥላ ነው። ሠላሳ ሁለት ተማሪዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ጃንጥላዋ ቆም ስትል ቆምን፣ ስትሄድ ሄድን። በጆሯችን የተነገረንን እንደ ዳዊት ደገምን። «ቀኑ አማረ እንጂ ምን ጎደለው?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እንነግራቸዋለን።

ካቴድራሉን በአርባ ደቂቃ ጨረስነው። ኩባ ከእስፓኝ እጅ ስትወጣ ከሃቫና የመጣውን የኮሎምበስን ሣጥን አራት ሐውልቶች ተሸክመውት አየን። ሂራልዳ የሚባለው የደወል ግንብ እ.ኤ.አ. በ1198 ያለቀ የመስጊድ ሚናሬት እንደነበር ሰማን፤ ደግ። እያለከለክን ወጣን፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ወረድን።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ጠባችንም እዚህ ላይ ነው። በካቴድራሉ ዙሪያ ያሉት ደረጃዎች፣ ግራዳስ የሚባሉት፣ በ16ኛው መቶ ዓመት የነጋዴ መዋያ ነበሩ። ዕቃ በሐራጅ ይሸጥባቸው ነበር፤ ሰውም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1565 በተደረገ ቆጠራ በከተማይቱ ከ6,000 በላይ ባሮች ነበሩ። ከአፍሪካ የተጫነው ጥቁር ሕዝብ ብዙው ነው። እኛ እዚያ ላይ አይስክሬም በላን።

ከመካከላችን አንዱ «ሰው ይሸጥ የነበረው የት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚዋማ ልትመልስ አፏን ከፍታ ነበር። በሰዓት የምትከፈል ሠራተኛ ናት፤ ጥፋቱን በእርሷ ላይ አንለጥፍም። «ኤጭ! ቀናችንን አታበላሽ!» ያሉት የእኛው ልጆች ናቸው። የቀረነውም ሳቅን። አዎ፣ ይህን የምንጽፈው ሰዎችም ጭምር።

«የአራት መቶ ዓመት ወሬ ምን ይረባናል?» ይላሉ። እንዴ! ቀኑን ሙሉ የሰማነው የስንት ዓመት ወሬ ኖሯል? የኮሎምበስ ጉዞ የትናንት ነው? በወንዙ ዳር ቆመን ያደነቅነው የወርቅ ግንብ የ13ኛው መቶ ዓመት ሥራ አይደለም? ወርቁና ሐሩ ሲነሣ ታሪክ፣ ሰንሰለቱ ሲነሣ ወሬ ይሆናል ማለት ነው።

«እንግዳ ነን፤ የሰው አገር ጉድ ምን አገባን?» የሚሉም አሉ። ይህኛው ጨዋነት ይመስላል። ነገር ግን ባለአገሮቹ ራሳቸው መቼ ዝም አሉ? በማካሬና ባዚሊካ ከ1951 ጀምሮ ተቀብሮ የኖረው ጄኔራል ኬይፖ ዴ ያኖ፣ በ1936 ሴቪልን በጦር ኃይል ይዞ በሠራተኛው ሠፈሮች ብዙ ሕዝብ ያስፈጀ ሰው ነው። የሟቾቹ ዘመዶች ለዓመታት ጮኹ። ሕግ ወጣ። አፅሙም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 በሌሊት ከዚያ ተነሣ። እኛ በባዚሊካው ደጃፍ በአውቶቡስ አለፍን፤ «የምታለቅሰው ድንግል ማርያም እዚህ ናት» ተባልን፤ አበቃ። ባለቤቱ የጠየቀውን እንግዳ ቢጠይቅ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንድ ሊቀ ጳጳስ ለጥቁሮች መጠለያ ካቆመላቸው ቤት የተነሣ ማኅበር በዚያች ከተማ አለ፤ ዛሬም በጸሎተ ሐሙስ ሰልፍ ይወጣል። በፕሮግራማችን ላይ አልተጻፈም። አመሻሽ ላይ ሦስት ሆነን፣ እየተሳሳትን፣ መንገደኛ እየጠየቅን ጸሎት ቤቱን አገኘነው። ተዘግቶ ነበር። ያም ሆኖ በሩ ፊት የቆምንባት ሩብ ሰዓት ከቀኑ ሁሉ ትበልጥብናለች። ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ «በእናንተ የተነሣ ራት ቀዘቀዘ» ተብለን ተሰደብን።

ለጉዞ ኮሚቴው ጥያቄ አቅርበናል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ግማሹ ቀን ያለ ጃንጥላ ይሁን። ከመነሣታችንም በፊት እያንዳንዳችን ስለምንሄድበት ከተማ አንድ ነገር አንብበን እንምጣ። የማይፈልግ አይገደድም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አይስክሬሙን ይብላ። የጠየቀውን ግን ዝም በል እንዳይል።