«ደህና ነኝ» ብቻውን አይበቃም

እኛ ሐበሾች «ተመርመር» ስንባል መልሳችን የታወቀ ነው፦ «ምን ሆኜ? ደህና ነኝ እኮ!» አክስቴም እንዲሁ ትላለች። ነርሲንግ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ይህ መልስ ያሳስበኛል። ምክንያቱ ቲ ሴሎች ናቸው።

ቲ ሴሎች ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ናቸው። ጉንፋን ሲይዘን ይባዛሉ፤ ቫይረሱ የገባባቸውን ሴሎች ይገድላሉ። ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ጥቂቶቹ ጠላታቸውን እያስታወሱ ይቆያሉ። ቫይረሱ አልወጣ ሲልስ? እንደ ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ ባሉ ሥር የሰደዱ ኢንፌክሽኖች ቲ ሴሎቹ ለዓመታት ያለ እረፍት ይታገላሉ። ቀስ በቀስ የመባዛትና የመግደል አቅማቸው ይቀንሳል። ፒዲ-1 የሚባለው ፍሬናቸው እንደተያዘ ይቀራል። ቲ ሴሎቹ ዛሉ ይባላል።

መዛሉ ጥቅምም አለው። ሄፓታይተስ ቢ ሲይዘን ጉበታችንን በአብዛኛው የሚጎዳው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን፣ ቫይረሱን የሚያጠቃው የራሳችን መከላከያ ነው። ፍሬኑ ጉዳቱን ያበርዳል። ስለዚህ ሰውየው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል። «ደህና ነኝ» ሲል አልዋሸም፤ ግን ቫይረሱ አልወጣም። ጉበቱ ውስጥ ውስጡን ሊጠብስ፣ ወደ ካንሰርም ሊሄድ ይችላል።

ይህ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም። ቫይረሱ በሕፃንነት ከያዘን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቀራል፤ ካደግን በኋላ ከያዘን ግን አብዛኞቻችን እናስወግደዋለን። ኢትዮጵያ ክትባቱን ለሕፃናት በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እንግሊዝ ደግሞ ለሁሉም ሕፃናት የጀመረችው በ2017 ነው። ቁጥሩን አስሉት፦ ወላጆቻችንም፣ ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁም በሁለቱ አገሮች መካከል አምልጦናል።

እኔ የምኖረው አርችዌይ ነው። ከ2022 ጀምሮ በለንደን ድንገተኛ ክፍሎች ደም የሚቀዳ አዋቂ እምቢ ካላለ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ ጭምር ይመረመራል። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ እምቢ አትበሉ። እናትና አባታችሁን አጅባችሁ ስትሄዱም እናንተው አስረዷቸው፤ «ጠርጥረውኝ ነው» እንዳይሉ።

«ሰው ምን ይላል?» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ግን ውጤቱ የእናንተና የሐኪማችሁ ምስጢር ነው። ሕክምናም አለ፦ ቴኖፎቪር ቫይረሱን ብዙ ጊዜ ጨርሶ ባያጠፋውም አፍኖ ይይዘዋል፣ ጉበትንም ያተርፋል። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንኳ ከ2015 ጀምሮ ሕሙማን ይታከሙበታል። የቤተሰብ አባላትም ተመርምረው መከተብ ይችላሉ።

አገር ቤት ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ብለን የሌሊት ወፍን እንከስሳለን። ዓይን ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ ግን የለብንም። ማኅበራችን በሚቀጥለው የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ከዳቦውና ከቡናው ጎን አንድ የምርመራ ጠረጴዛ ያዘጋጅ። መጀመሪያ ክንዴን የምዘረጋው እኔ ነኝ።