ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ስለ ወለል ማስተካከል

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አገር ከጥንት ጀምሮ የቤት ወለል ዐፈር ነው። የቤት እመቤት በእበት ትለቀልቀዋለች፤ ቢሰነጠቅ ትደፍነዋለች፤ ቢጐደጕድ ዐፈር ጨምራ ትደመድመዋለች። እንዲህ ያለው ወለል በየሳምንቱ እርማት ይቀበላል። የሲሚንቶና የሴራሚክ ወለል ግን አንድ ጊዜ ከደረቀ በኋላ በመዶሻ ካልፈረሰ በቀር አይታረምም። ስለዚህ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለሴራሚክ የሚያወጣ ባለቤት አስቀድሞ ከሥሩ ያለውን መመልከት ይገባዋል።

ሴራሚክ የጐደለውን አይሞላም፤ የተዛነፈውንም አይሰውርም። ከሥሩ ባዶ ቦታ የቀረ እንደ ሆነ የአልጋ ወይም የቁም ሣጥን እግር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ጠርዙ ብቅ ያለ እንደ ሆነም ሕፃኑንና ሽማግሌውን ያደናቅፋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ውሃ በተሞላ ብርሃን በሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦ በአራቱም ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በአንድ ልክ ምልክት ይደረጋል። በምልክቶቹ መካከል ሲባጎ ተወጥሮ በየስፍራው ወደ ታች ቢለካ ጐድጓዳውና ጕብታው ይታወቃል። የአዲሱ ወለል ከፍታ የሚወሰነው ከጕብታው ተነሥቶ ነው። በዚሁ ጊዜ በሩም ይታይ፤ 4 ሴንቲ ሜትር ሊሾ ከነሴራሚኩ ሲጨመር ወለሉ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስለሚነሣ መዝጊያው ሊይዝ፣ የመጨረሻውም ደረጃ ከሌሎቹ ሊለይ ይችላል።

አሮጌው ኮንክሪት ለስላሳ ከሆነ ይወቀር፤ አቧራው ይታጠብ፤ ርጥብ ሳለም በውሃ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ይቀባ። ከዚያም 1 እጅ ሲሚንቶ ከ3 ወይም ከ4 እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋራ ተለውሶ ይደልደል። ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ እጅግ የሳሳው ይፈረፈራል። ወለሉን ከዚህ አብልጦ ማንሣት ካስፈለገ ግን ጠጠር ያለበት ኮንክሪት አስቀድሞ ይፍሰስ እንጂ ሊሾ አይከመር። በፎቅ ቤት ደግሞ መሐንዲስ ሳያየው ክብደት አይጨመር። የመታጠቢያ ቤት ወለል በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውሃ መውረጃው ያዘቅዝቅ።

የአገሩም ጠባይ መታሰብ አለበት። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነውና በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በርና መስኮት ባልተገጠመለት ቤት ትኩስ ሊሾ ውርጭ ካገኘው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያላላዋል። ስለዚህ ሥራው ፀሐይ ሞቅ ሲል ተጀምሮ በጊዜ ይፈጸም፤ ማታም ላስቲክ ተነጥፎበት በላዩ ጭድ ይልበስ። ከዚያ ዝቅ ባለው በዓለም ከተማ ደግሞ የሚያስፈራው የፀሐይና የነፋስ ማድረቅ ስለ ሆነ ርጥብ ጆንያ ይሸፈንበት። በሁለቱም አገር ቢያንስ 7 ቀን ርጥበቱ ሊጠበቅለት ያስፈልጋል፤ ሴራሚኩም እስከ 4 ሳምንት ቢቈይ ይሻላል።

የሠራተኛው ዋጋ ከመከፈሉ በፊት ባለቤቱ በራሱ እጅ ይፈትን። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ በየአቅጣጫው ሲያጋድም ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ በመዶሻ እጀታ ሲመታውም እንደ ባዶ እንስራ የሚጮኽ ስፍራ ካለ ይነሣና እንደ ገና ይሠራ። በዚያን ቀን የሚጠፋው ጥቂት ሲሚንቶ ነው፤ ከሴራሚኩ በኋላ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ወጪው ሁሉ እንደ ገና ይወጣል።