ዶቅዶቄና ካንዴላዋ

ፈጣን ዶቅዶቄ የገዛ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ስንት ትሮጣለች?» ተብሎ ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጥና ባለቤቱ ራሱ ጠያቂ ይሆናል። «ለምን ትንቀጠቀጣለች? ለምንስ ጠዋት ጠዋት አልነሣም ትላለች?» ይላል። በዚህ ጊዜ የሻይ ቤት ወዳጆቹ የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ «ካንዴላዋን ለውጥ!» ይሉታል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ዳሩ ግን «በየትኛው ካንዴላ ልለውጥ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፌም በዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ ለእኛ ለቡታጅራ ሰዎች እንደ ጨዋታ የሚታይ አይደለም። የእርሻ ባለሙያው፥ የጤና ሠራተኛውና የግብር ሰብሳቢው ወደ ገጠር የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ በዶቅዶቄ ነው። የጉራጌ ሰው በ1950ዎቹ ገንዘቡን እያዋጣ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው፤ መንገድ ካለ ደግሞ የሚሮጥበት ነገር ያስፈልጋል። እንግዲህ ከከተማ ርቆ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ሞተሯ የጠፋችበት ሰው የካንዴላን ነገር ያን ጊዜ ሳይሆን አስቀድሞ ቢማረው ይሻለዋል።

ካንዴላ የሚለው ቃል ከጣሊያን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ሻማ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም. የቤልጅግ ተወላጅ የነበረው ሌኗር በፓሪስ በጋዝ የሚሠራ ሞተር ሲፈጥር ጋዙን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቀጣጠለው። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ የቦሽ ኩባንያ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ኃይል የሚያመነጭ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አዋሕዶ ለሽያጭ የሚበቃ አደረገው። ከዚያ ወዲህ መልኳ ብዙም አልተለወጠም፤ በመካከል አንድ የብረት ጫፍ፥ በዙሪያው ነጭ ሸክላ፥ ከውጭ ጥርስ ያለው ብረት፥ ከበታቹም የታጠፈ ሁለተኛ ጫፍ ነው። ብልጭታው በሁለቱ ጫፎች መካከል ይዘላል። ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት የሆነች ዶቅዶቄ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ስትዞር፥ በውስጧ ያለው ቤንዚን በሰኮንድ 50 ጊዜ መቃጠል አለበት። ከነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ቢከሽፉ እንኳ ነጂው በእጁና በመቀመጫው ይሰማዋል፤ መንቀጥቀጥ የምንለውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ካንዴላ ስትመረጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው ሙቀቷ ነው። ጫፏ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ የሚያርፍባትን ጥላሸት አቃጥላ ለማጽዳት አትችልም፤ ጥላሸቱም ኤሌክትሪኩን ወደ ጎን ያፈስሰዋል። ከ850 ዲግሪ ገደማ በላይ ከሆነ ግን እንደ ፍም ግላ፥ ብልጭታው ሳይደርስ ቤንዚኑን ታቀጣጥለዋለች። ስለዚህ ፋብሪካዎች «ሞቃት»ና «ቀዝቃዛ» የሚባሉ ካንዴላዎችን ይሠራሉ። የውስጥ ሸክላዋ ረጅም የሆነ ሙቀቷን ቀስ ብላ ስለምትለቅ ሞቃት ትባላለች፤ አጭር የሆነ ፈጥና ስለምትለቅ ቀዝቃዛ ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በጃፓኑ ኤን ጂ ኬ ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላዋ ቀዝቃዛ ናት፤ በተለመዱት የቦሽና የቻምፒዮን ካንዴላዎች ግን ቁጥሩ ከፍ ሲል ሞቃት ትሆናለች። የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ይዞ የሌላውን መግዛት እንግዲህ በጨለማ እንደ መግዛት ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ጸሐፊ «የእሽቅድምድም ናት» ብለው የሸጡለትን ካንዴላ ይዞ ወደ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ መጣ። ዶቅዶቄው በየሦስት ቀኑ ትጠፋበት ነበር። መካኒኩ ካንዴላዋን ፈትተው፥ በጨርቅ ጠርገው አዩአትና «ልጄ፥ ይህች ለሩጫ ሜዳ የተሠራች ናት፤ አንተ ደግሞ ከቢሮ እስከ ቤትህ ሁለት ኪሎ ሜትር ትነዳና ታጠፋታለህ። ሳትሞቅ በምን ኃይሏ ጥላሸቷን ታቃጥለው?» አሉት። ወጣቱም «ታዲያ ጋሼ፥ ውድ አይደለችም እንዴ?» ቢላቸው፥ «ውድ ጫማም ቁጥሩ ካልሆነ እግር ይልጣል» ብለው መለሱለት። ከዚህ የተሻለ ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም።

የተገላቢጦሹ ስሕተት ግን ከዚህ የከፋ ነው። ጥላሸት የበዛባት ካንዴላ ብታስቸግር ሰውን መንገድ ላይ ታቆማለች እንጂ አትገድልም። ከሚገባው በላይ ሞቃት የሆነች ካንዴላ ግን በረጅም ዳገት ወይም በፈጣን ጉዞ ላይ ፒስቶኑን እስከ መብሳት ታደርሳለች። በፍጥነት ስትሮጥ ሞተሯ ተጣብቃ የቀረች ዶቅዶቄ የኋላ ጎማዋ ድንገት ይቆለፋል፤ ነጂውም ከኋላው የተቀመጠውም ሰው ይወድቃሉ። ጥያቄው የኪስ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የአገራችን ከፍታም በዚህ ነገር ይገባበታል። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ 1,640 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የዘቢዳር ተራራ ግን ከ3,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። በቡታጅራ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ያላት ዶቅዶቄ ለዝቅተኛ አገር እንደ ተስተካከለች ከመጣች፥ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ካንዴላዋም ትጠቁራለች። ብዙ ሰው ታዲያ በየወሩ ካንዴላ ይገዛል። መድኃኒቱ ግን በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥና የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት ነው። በበጋ የገጠር መንገዳችን አቧራ ማጣሪያውን ሲደፍነው ጉዳቱ ከከፍታው ጋር ይደረባል። ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ የሚመጥኑ አዳዲስ ዶቅዶቄዎች ግን ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ።

ስለዚህ ካንዴላን ከመጣል በፊት ፊቷን ማንበብ ይገባል። ነጩ ሸክላ እንደ ቡና በወተት ወይም እንደ ቀላል ግራጫ ከሆነ ሞተሯ ጤነኛ ናት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፥ ማጣሪያው ተደፍኗል፥ ወይም ካንዴላዋ ቀዝቃዛ ናት። በዘይት የራሰ እንደ ሆነ ዘይት ወደ ላይ እያለፈ ነውና የፒስቶኑን ቀለበቶች ማስመርመር ያሻል። ነጭ ሆኖ የተኮማተረና እብጠት የያዘ ከሆነ ግን ሙቀቱ በዝቷል፤ ይህችን ምልክት አይቶ ጉዞውን የሚቀጥል ሰው በራሱ ላይ ይፈርዳል። መምህር የተማሪውን ደብተር ገልጦ የት እንደ ተሳሳተ እንደሚያውቅ፥ መካኒክም ከካንዴላዋ የሞተሩን ምሥጢር ያውቃል።

ለስላሳ አሂያሄድ ለሚፈልግ ሰው የኢሪዲየም ካንዴላ ይጠቅመው እንደ ሆነ የሚጠይቁ አሉ። ኢሪዲየም የሚቀልጠው በ2,446 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ተራው ኒኬል በ1,455 ይቀልጣል። እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ተደርጎ ይሠራል፤ ከቀጭን ጫፍ ደግሞ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። በዚህም ምክንያት ሞተሯ ስትነሣና ቀስ ብላ ስትሠራ የሚከሽፈው ብልጭታ ይቀንሳል፤ ዕድሜዋም ይረዝማል። ፈረስ ጉልበት ግን አትጨምርም፤ የታመመ ካርቡራተርም አትፈውስም። ከባጃጅ ፑልሳር ዶቅዶቄዎች አያሌዎቹ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ፥ ኤን ኤስ 200 የተባለው ደግሞ ሦስት እንዳለው ማስታወስ ይገባል። አንዷን ለውጦ ሌላዋን መርሳት ግማሽ ሥራ ነው።

ለመግዛት ስትሄድ፥ አንባቢዬ ሆይ፥ ከዶቅዶቄዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ተመልከትና ቁጥሩን ከነፊደሉ ጽፈህ ሂድ። ለምሳሌ በኤን ጂ ኬ «ሲ አር 8 ኢ» ሲል፥ «ሲ» የጥርሱ ስፋት 10 ሚሊ ሜትር መሆኑን፥ «አር» ለኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ደኅንነት መከላከያ በውስጧ መኖሩን፥ «8» ሙቀቷን፥ «ኢ» የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያስረዳል። ጥርሱ ከረዘመ ፒስቶኑን ይመታል። የሐሰት ዕቃም አለና ጽሕፈቱ የተድበሰበሰ፥ ጫፎቿ የተጣመሙ፥ ሮንዴላዋ በቀላሉ የምትወልቅ ካንዴላ ከሆነች ለሻጩ መልስለት።

ስትገጥማት ሞተሯ ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ በጣትህ እስከ መጨረሻው አዙራት፤ አዲስ ከሆነች ከዚያ በኋላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃታል። ጉልበት የሚያሳይ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፤ የዚያም ማሠሪያ ከብዙ ካንዴላ ዋጋ ይበልጣል። ቁጥሯ የገጠመ አንዲት ትርፍ ካንዴላና መፍቻዋን ከመቀመጫህ ሥር አኑር። ወደ ገጠር ለሥራ ስትወጣ የሚጠብቁህ ሰዎች አሉና፥ በሰዓቱ ደርሰህ በሰላም እንድትመለስ ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ይረዳሃል። ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁን።