ሸክምና ወገብ

ፎቅ በሚሠራበት ስፍራ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣውን የቀን ሠራተኛ «ጎበዝ ነው» ብሎ የሚያደንቅ ብዙ ነው። እኛን ግን ከጉብዝናው ይልቅ ወገቡ ያሳስበናል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባዘጋጀው ስሌት፣ ሁኔታው ሁሉ ቢመቻች እንኳ አንድ ሰው በእጁ እንዲያነሣ የሚመከረው ከ23 ኪሎ አይበልጥም። አንዱ ከረጢት ከዚህ እጥፍ ይበልጣል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። ከረጢቱን ሁለት ሰው ቢያነሣው፣ መሬት ለመሬት በጋሪ ቢገፋ፣ ወደ ፎቁም በመዘውር ቢሳብ ሥራው አይጓተትም። የቀን ሠራተኛ ግን ወገቡ ከተቀጨ የዕለት እንጀራው በዚያው ይቀራል።

የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ነገ ሥራ ለመቆጣጠር የምትሰማሩ ወጣቶች፣ ከረጢቱን ስትቆጥሩ ተሸካሚውንም እንድታስቡ እናሳስባለን።