የሳተላይት ስልክ ለፍላቂት፦ ከመግዛት በፊት ፈቃዱ፣ ከመላክ በፊት አማናው



በሰሜን ወሎ ስልክ ሲዘጋ ጭንቀቱ በሪያድ፣ በጅዳና በዱባይ ጭምር ይሰማል። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላና ጋሸና ሲደርስ በስደት ያሉ የአካባቢው ልጆች ከቤተሰባቸው ጋር ለወራት ተቆራርጠው ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ፣ የስልክ መስመሩም በየቦታው ሲመጣ ሲሄድ ቆይቷል። የእናት ሕመም ዘግይቶ ይሰማል፤ የአባት ጀናዛ ተቀብሮ ከሰነበተ በኋላ መርዶው ይደርሳል።

ስለዚህ ከጋሸና ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለችው ፍላቂትና ስለ አካባቢዋ የሚጨነቁ ወገኖች የሚያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነው። "ኔትወርክ የማይፈልግ፣ በሳተላይት የሚሠራ ስልክ ገዝተን ብንልክስ?" ይላሉ። ለእርዳታ፣ ለሕክምና ወይም ለዳዕዋ በእግር ወደ ገጠር የሚወጡም ይህንኑ ያስባሉ። የእኛ መልስ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ መሣሪያው ይሠራል፤ ግን በማን እጅ፣ በማን ፈቃድ እንደሚያዝና በሌላው ጫፍ ማን እንደሚያነሳው ካልታወቀ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ። በአካባቢያችን ስማቸው የሚነሳው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መሠረቱ በተባበሩት ዐረብ ኢምሬትስ የሆነው ሱረያ፣ ብዙዎች ቱራያ የሚሉት ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በምሥራቅ 44 ዲግሪ ላይ እንደ ቆመ ይታያል። በፍላቂት ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ ቂብላን ይዞ ለቆመ ሰው ይህ ሳተላይት ከጀርባው በኩል፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሆኖ ከአናቱ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በመቄት ገደሎች ውስጥ እንኳ ሰማዩ ከተገለጠ መስመር የማግኘት ዕድሉ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ኢሪዲየም ነው። 66 ሳተላይቶቹ በ780 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለማቋረጥ ይዞራሉ፤ ዓለምን በሙሉ ይሸፍናሉ። ሳተላይቶቹ ስለሚንቀሳቀሱ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። ተራራ ወጪዎች የሚይዙት ጋርሚን ኢንሪች የተባለው አጭር መልእክት መላኪያም የሚሠራው በኢሪዲየም ነው። በአዳዲስ አይፎኖች ላይ ያለው የሳተላይት የአደጋ ጥሪ ግን የሚያገለግለው በተመረጡ አገሮች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በእሱ መተማመን አይቻልም። ሁሉም ቢሆኑ ቤት ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሠሩም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የሌላውን ጫፍ ነው። ፍላቂት ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ከዱባይ በሳተላይት ስልክ ወደ እናታችን ሞባይል መደወል ምንም አይፈይድም፤ የእሷ ስልክ ዝግ ነውና። ከፍላቂት በሳተላይት የሚደውል ሰውም መልእክቱን የሚያደርሰው መስመር ወዳለበት ቦታ ብቻ ነው። የአደጋ ጥሪም እንዲሁ። የጋርሚንን የድረሱልን ቁልፍ የሚከታተለው ማዕከል ያለው በአሜሪካ ቴክሳስ ነው። ማዕከሉ ጥሪውን ለአካባቢው ያስተላልፋል እንጂ ራሱ መጥቶ አያነሳም። በመቄት ቀበሌዎች በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ የሚያደርሰው ጎረቤት ነው። ለዚያ ጎረቤት ወሬው የሚደርስበት መንገድ ካልተበጀ ቁልፉን መጫን ብቻውን አያድንም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2004 ዓ.ም የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761፣ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ወይም መጠቀም ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። ከገንዘብ መቀጮው ጋር ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በሐምሌ 2013 ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የሆላንድ ክፍል ሥራው ለሦስት ወር ሲታገድ፣ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ያለ ፈቃድ የሳተላይት መገናኛ አስገብቶ ተጠቅሟል የሚል ነበር። ዓለም አቀፍ ድርጅት ያልተማረበትን ግለሰብ ይማርበታል ብለን አንጠብቅም። ጥብቅነቱ በኛ አገር ብቻም አይደለም፤ በህንድ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዙ የውጭ ተጓዦች ኤርፖርት ላይ ተይዘዋል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራው ነገር አለ። የሳተላይት ስልክ ሲሠራ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት ይለቃል። የቼቼኑ መሪ ጆሃር ዱዳየቭ በ1996 እ.ኤ.አ. የተገደሉት በሳተላይት ስልክ ሲነጋገሩ በተተኮሰ ሚሳይል ነው። ተራ ገበሬ እንደ መሪ አይታደንም። ሆኖም ግጭት ባለበት አካባቢ ይህን መሣሪያ የያዘ ሰው ከሁለቱም ወገን "ለማን ነው የምታቀብለው?" የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለቤተሰባችን ደኅንነት ብለን የላክነው ዕቃ ቤተሰባችንን ተጠርጣሪ ሊያደርግ ይችላል።

እዚህ ላይ የአማና ጉዳይ ይመጣል። ዱባይ ላይ ዕቃው በሱቅ በግልጽ ይሸጣል። ገዝቶ "ይቺን ትንሽ ዕቃ አድርሽልኝ" ብሎ ወደ አገር በምትመለስ እህት ሻንጣ ውስጥ መክተት ቀላል ነው። ያቺ እህት ዓመታት በሰው ቤት ሠርታ የምትመለስ ናት። የያዘችውን ሳታውቅ ቦሌ ላይ ብትያዝ 10 ዓመት የሚያስቀጣ ክስ የሚጠብቃት እሷን ነው። ይህ አማናን መብላት ነው። በሸሪዓችን ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት ይቀድማል፤ በሌላ ሰው ነፃነት የሚከፈል ጥቅም ደግሞ ከመጀመሪያውም የኛ አይደለም።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? አይደለም። ሰበቡን ማድረስ ግዴታችን ነው፤ መንገዱ ግን የተቋም ነው። የዘርፉ ተቆጣጣሪ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤታችን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አለው። መጅሊሱና የእርዳታ ድርጅቶቻችን ለሰብዓዊ ሥራ የሚውሉ ጥቂት መሣሪያዎችን በስማቸው አስመዝግበው ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ጥያቄው ይፈቀድም ይከልከል፣ በጽሑፍ መቅረቡ በራሱ የሕዝቡን ችግር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የመቄትን መንደሮች በእግር የሚያስጎበኙ ማኅበራትም እንግዶቻቸው መሣሪያ ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ሊያሳውቋቸው ይገባል።

ፈቃድ ያገኘ ቡድን ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ይዘጋጅ። የሲሙ ሂሳብና የአገልግሎት ጊዜው አለማለቁን ያረጋግጥ። ከከተማ ሳይወጣ ሜዳ ላይ ደውሎ ይሞክር። የመቄት ሌሊት ብርዳማ ነው፤ ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም መሣሪያውን ከልብስ ውስጥ ይያዝ፣ በፀሐይ የሚሞላ ቻርጀርም አይርሳ። ቁጥሮችን ከ251 ጀምሮ በወረቀት ይጻፍ፤ የፈቃዱን ቅጂ ከመሣሪያው አይለይ። ከሁሉ በላይ የመደወያ ሰዓት ይቀጠር፤ ለምሳሌ ከዐስር ሶላት በኋላ። ወልድያ ወይም አዲስ አበባ ላይ በዚያ ሰዓት ስልኩን የሚያነሳ፣ ጥሪው ከቀረ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አንድ ሰው ይመደብ።

ፈቃድ ለሌለን ለብዙዎቻችን የቀረው የድሮው መንገድ ነው፦ የታመነ መልእክተኛ፣ ቀኑና የላኪው ስም ያለበት አጭር ደብዳቤ፣ በየመስጂዱ መልእክት ተቀብሎ የሚያደርስ አንድ ኃላፊ። ይህ ግን የመንግሥትን ኃላፊነት አያነሳም። የእናቱን ድምፅ መስማት የሚፈልግ ዜጋ ሳተላይት እስከ መመኘት መድረስ አልነበረበትም። ተራው የስልክ መስመር፣ ቢያንስ ድምፁ፣ ለሲቪሉ ሕዝብ ክፍት እንዲሆን በጨዋነት፣ ግን ሳንታክት ልንጠይቅ ይገባል።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለተለያዩት መገናኘትን ይወፍቅ። ወላሁ አዕለም።