አንድ ዲስክ ድንገት ቢነቀል የተገልጋዩ መዝገብ ይተርፋልን?

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ምሽት፣ በአገራችን ደመራ በሚለኮስበት ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የእሳት አደጋ ደረሰ። የመጠባበቂያ ኃይል ባትሪዎችን ወደ ሌላ ሥፍራ የማዛወር ሥራ በመከናወን ላይ ሳለ ከሊቲየም ባትሪ የተነሣው እሳት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ 22 ሰዓታት ያህል ወስዷል። በመጀመሪያው መግለጫ እንደተገለጸው 647 የመንግሥት ሥርዓቶች አገልግሎት አቁመዋል፤ የሞባይል መታወቂያና የፖስታ ቤት የገንዘብ አገልግሎት ከተስተጓጎሉት መካከል ነበሩ።

ከተቋረጡት ሥርዓቶች ብዙዎቹ ደረጃ በደረጃ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዶቻቸውን ያኖሩበት የነበረው «ጂ-ድራይቭ» የተባለው የጋራ ማከማቻ ግን 858 ቴራባይት መረጃ እንደያዘ ተቃጥሏል። በሌላ ሥፍራ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም፤ የቀረበውም ምክንያት የመረጃው መጠን እጅግ ከፍተኛ በመሆኑ ቅጂ ለመያዝ አልተቻለም የሚል ነው። ይህ ለመቀበል የሚያስቸግር ምክንያት ነው፤ የመረጃው ብዛት ቅጂውን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርግ እንጂ የሚያስቀር አይደለምና።

ይህን የሰማ ተገልጋይ «ሰርቨሮች አንዱን መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋሉ ሲባል እንሰማለን፤ ታዲያ መዝገብ እንዴት ሊጠፋ ይችላል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ለመመለስ መንትያ ዲስክ ከየትኛው አደጋ እንደሚጠብቅ፣ ከየትኛውስ እንደማይጠብቅ መለየት ያስፈልጋል።

ባለሙያዎች «ሚረር» የሚሉት ይህ አሠራር፣ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት «ሬይድ» ብለው ከሰየሟቸው የዲስክ አደረጃጀቶች የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሰርቨሩ አንድን መዝገብ ሲጽፍ በሁለቱም ዲስኮች ላይ እኩል ይጽፋል። በሥራ ላይ እንዳለ አንዱ ድንገት ቢነቀል፣ መጉደሉን ዐውቆ በቀረው ብቻ ሥራውን ይቀጥላል፤ በመስኮት ፊት የቆመው ተገልጋይ ምናልባት ከጥቂት ሰከንዶች መዘግየት በቀር የሚያስተውለው ነገር አይኖርም። እንግዲህ ለርዕሱ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ መሣሪያው በሥራ ላይ እያለ ዲስክ እንዲለወጥበት ሆኖ የተሠራ እስከሆነ ድረስ፣ አዎን ይተርፋል የሚል ነው።

ሆኖም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መዝገቡ መንትያ የለውም። አዲስ ዲስክ ሲገባ መረጃው ሁሉ ከቀሪው ላይ እንደገና ይገለበጣል። 4 ቴራባይት የያዘ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት ቢገለበጥ ከ7 ሰዓታት በላይ ይፈጃል፤ ሰርቨሩ በዚያው ጊዜ ተገልጋይ የሚያስተናግድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ለረጅም ጊዜ ሳይነበብ የቆየ የዲስኩ ክፍል ተበላሽቶ እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚህ የቅጂ ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የሚተካው የለም። ጥንቁቅ ተቋማት ሁለቱንም ዲስኮች በየጊዜው ከዳር እስከ ዳር የሚያስፈትሹት ስለዚህ ነው።

ሌላው አደጋ ከሰው እጅ የሚመጣ ነው። የተበላሸውን ዲስክ ለመለወጥ የሄደ ባለሙያ በስሕተት ጤነኛውን ሊነቅል ይችላል። የተነቀለው ዲስክ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሲገባም በውስጡ ያለው በተነቀለበት ዕለት የነበረው መዝገብ ነው፤ ሥርዓቱ አዲሱን ከአሮጌው ካልለየ፣ ትናንት የተፈጸመ ክፍያ ዛሬ እንዳልተፈጸመ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ደግሞ የተነቀለው ዲስክ የዜጎችን መረጃ በሙሉ የያዘ መሆኑ ነው፤ መረጃው ካልተመሰጠረ ዲስኩን ያገኘ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። የአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዙ ተቋማት ለደኅንነቱ ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ ስለሚጥል፣ ከአገልግሎት የወጣ ዲስክም በቸልታ የሚጣል ዕቃ አይደለም።

መንትያ ዲስክ ፈጽሞ የማይከላከለው ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያገኝ አደጋ ነው። ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው መዝገብ በዚያው ቅጽበት ከሁለቱም ይሰረዛል፤ መረጃን ቆልፎ ገንዘብ የሚያስጠይቅ ቫይረስም ሁለቱንም ይቆልፋል። እሳትና ጎርፍም እንዲሁ። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው ድርጅት የመረጃ ማዕከል ሕንፃ በተቃጠለ ጊዜ፣ መጠባበቂያ ቅጂያቸው በዚያው ሥፍራ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል።

በመሆኑም ተገልጋዩ ማናቸውንም ተቋም ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ዲስኮች ብዛት ሳይሆን፣ ሌላው ቅጂ በየትኛው ከተማ እንዳለና ከቅጂው መዝገብን መልሶ የማግኘት ሙከራ መቼ እንደተደረገ ነው። በራሱ በኩል ደግሞ ማመልከቻ በኦንላይን ሲያቀርብ የሚሰጠውን የማመልከቻ ቁጥርና የክፍያ ደረሰኝ በስልኩም በወረቀትም ሊይዝ ይገባዋል። ሥርዓቱ ከመጠባበቂያ ቅጂ በሚመለስበት ጊዜ፣ ከመጨረሻው ቅጂ በኋላ የገቡ ማመልከቻዎች ሊጎድሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ መቅረቡን የሚያስረዳው በተገልጋዩ እጅ ያለው ደረሰኝ ነው።