አገልግሎቱ ሲቋረጥ ምሰሶውም ይነሣ

ይድረስ ለሐደራ ኢሪያ (ማዘጋጃ ቤት)፣ እንዲሁም በከተማችን መሬት ላይ ምሰሶ፣ ሳጥንና ቧንቧ ለምትተክሉ መሥሪያ ቤቶችና ኩባንያዎች ሁሉ፤



በኢንዱስትሪ ዞኑ ጠርዝ ባለ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ሥራ ያቆመ የትራንስፎርመር ቤት አለ። በሩ የታሰረበት ሰንሰለት ዝጓል። ከጎኑ ሽቦው የተነሣለት የእንጨት ምሰሶ ከነመወጠሪያ ገመዱ ቆሟል፤ ገመዱ ልጆች በሚሯሯጡበት ሣር መካከል ተንጋዶ ወርዶ መሬት ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ራቅ ብሎ ክዳኑ የተሰበረ የኬብል ጉድጓድ ይገኛል። ጉድጓዱ ላይ ትልቅ ድንጋይ የጫኑበት የሰፈራችን አዛውንት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው እግር እንዳይገባበት ብለው።

ቅሬታዬ ከአንድ ምሰሶና ከአንድ ጉድጓድ ያለፈ ነው፤ በአሠራራችሁ ላይ ነው። አዲስ መስመር ሲዘረጋ በጀት ይያዛል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ ተቋራጭ ይቀጠራል። አዲሱ መስመር ሲገናኝ መብራቱ ይበራል፣ ሂሳቡ ይከፈላል፣ መዝገቡ ይዘጋል። አሮጌው ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ የለም። ማንሣቱ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ገንዘብ አያስገባም፤ ስለዚህ ለሌላ ጊዜ ይባላል፣ ያ ሌላ ጊዜም አይመጣም።

ነዋሪው ሲያመለክት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ነው?» ተብሎ ነው። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ይመሩታል፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። ዕብራይስጡ የማይቀናቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ወደዚያ መናፈሻ የሚወጡት፣ የብረት ሳጥን ባለቤት አፈላልገው እንዲያመጡ እንዴት ይጠበቃል? ሳጥኑን የተከለው ያውቃል፤ እንዲተከል የፈቀደውም ሊያውቅ ይገባዋል።

ባለቤቱ የሚጠፋበትን ምክንያት አውቃለሁ። የእስራኤል ስልክ እስከ 1984 በሚኒስቴር ሥር ነበር፤ በዚያ ዓመት ቤዜክ የሚባል ኩባንያ ተረከበው። ውኃና ፍሳሽ የከተሞች ሥራ ነበር፤ በ2001 በወጣው ሕግ ለውኃ ኮርፖሬሽኖች እንዲተላለፍ ተደረገ። መብራቱም በ1923 በፒንሓስ ሩተንበርግ ከተመሠረተው ኩባንያ ጀምሮ ስምም ሥልጣንም ለውጧል፤ በቅርቡ ደግሞ የኃይል ሥርዓቱ አስተዳደር ለብቻው ተነጥሎ ኖጋ ለተባለ ድርጅት ተሰጥቷል። በእያንዳንዱ ርክክብ የሚሠራው መስመር ተቆጥሮ ይተላለፋል። የማይሠራውን ለመቁጠር ግን የሚቸኩል የለም፤ ገቢ የለውምና። እንዲህ እንዲህ እያለ ወላጅ አልባ ሆኖ የሚቀረው በእኛ መናፈሻ ውስጥ ነው።

ይህ የዓይን ጉድፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ከአገር ቤት፣ ከኢትዮጵያ፣ የመጣን ሰዎች የመብራት ምሰሶን በደንብ እናውቀዋለን። እዚያ ከባሕር ዛፍ ይሠራል፤ ያረጀው ምሰሶ አጥር ይሆናል፣ ማገዶም ይሆናል። ነገር ግን የምሰሶ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ክሪዮሶት፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ጥቁር ዘይት፣ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም መድቦታል። ፀሐይ ሲበረታ ከእንጨቱ ያዣል፣ ሲነድም መርዙ በጭሱ ይወጣል። ልጆች የሚደገፉት፣ አንዳንድ ሰውም ለከሰል ጥብሱ የሚፈልጠው ይህን እንጨት ነው።

የድሮ ትራንስፎርመሮች ደግሞ ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ሊኖርባቸው ይችላል። ዓለም በስቶክሆልም ስምምነት እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ዘይቱም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ቀን ቆርጦላቸዋል። የድሮ ቧንቧና የጣሪያ ክዳን አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በዚህ አገር በ2011 የወጣው ሕግ አስቤስቶስን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ እንዲያነሣው ያዛል። እንግዲህ ነዋሪው ራሱ ያንሣው ማለት አይቻልም፤ ማንም አያንሣው ማለትም አይቻልም።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ አዲስ ምሰሶ ተተክሎ አሮጌው ከጎኑ ሲቀር ስላስቸገረ፣ ኩባንያዎች ሽቦውን አዛውረው አሮጌውን በ90 ቀን ውስጥ እንዲያነሡ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን የሚያዘገየውን የሚቀጣበት ክንድ አልተሰጠውም፤ በዚህም ድርብ ምሰሶዎች እዚያ እስካሁን ያከራክራሉ። ኢትዮጵያም አንዱ የገነባውን ሌላው እየቆፈረ ስላስቸገረ በ2014 መሠረተ ልማትን የሚያቀናጅ የፌዴራል ኤጀንሲ በአዋጅ አቋቁማ ነበር። ከማሳቹሴትስ የምማረው አንድ ነገር ነው፤ ቀን ሲቆረጥ የሚያዘገየውን የሚያስገድድ ገንዘብም አብሮ ካልተያዘ ቀኑ ያልፋል።

ሁሉም ነገር ይፍረስ አልልም። የሲያትል ከተማ በ1956 የተዘጋ የጋዝ ፋብሪካ ገዝታ፣ ግንቦቹንና ጋኖቹን አቁማ፣ በ1975 የሕዝብ መናፈሻ አድርጋ ከፍታዋለች፤ ዛሬ ሰዎች ሊያዩት ከሩቅ ይሄዳሉ። ያ ግን ሰዎች ተሰብስበው የመረጡት፣ ንድፍ የወጣለት፣ የተበከለው አፈር የታከመለት ነው። የእኛ ትራንስፎርመር ቤት የቆመው ማንም መርጦት አይደለም፤ ስለተረሳ ነው የቆመው።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ከባሕሩ ዳር ያለው የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ፣ 300 ሜትር የሚረዝመው ጭስ ማውጫው ከየሰፈሩ የሚታየው፣ በድንጋይ ከሰል የሚሠሩት ከ1 እስከ 4 ያሉት ክፍሎቹ እንዲዘጉ መንግሥት በ2018 ወስኗል፤ በምትካቸው በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ክፍሎች ተተክለዋል። ሲዘጉ ምን ይነሣል፣ ምን ይቀራል፣ አፈሩን ማን ያጸዳል፣ ወጪውስ ከማን ይሆናል? አንድ የእንጨት ምሰሶ ለማንሣት ባለቤት ያጣ አሠራር ይህን ያህል ተራራ ሲመጣበት ምን ሊያደርግ ነው? በትንሹ ያልለመደ በትልቁ አይበረታም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ማንኛውም ነገር ሲተከል፣ የሚነሣበት ወጪ በመያዣ ገንዘብነት ለኢሪያው አስቀድሞ ይግባ፤ አሮጌው ተነሥቶ፣ ጉድጓዱ ተሞልቶ፣ ሣሩ እስኪመለስ ድረስ መያዣው አይለቀቅ፣ ሥራውም አለቀ ተብሎ አይፈረም። አሁን የቆሙት ይቆጠሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስምና ስልክ ይለጠፍ፣ ኤሌክትሪክ እንደሌለውም በባለሙያ ይረጋገጥ። ባለቤት ያልተገኘለትን ኢሪያው ራሱ ያንሣው፤ ባለቤቱ ኋላ ሲታወቅ ይክፈል። የቆጠራው ዝርዝርም በዕብራይስጥ፣ በአማርኛ፣ በሩሲያኛና በዓረብኛ ለነዋሪው ይገለጽ።

ክዳኑ የተሰበረው ጉድጓድ ግን ቆጠራ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። እባካችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሰው ልካችሁ ክደኑት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሐደራ ነዋሪ